አብራም ዮፌ፦ የክሪስታል ጉድለትና የሙቀት መንገድ

ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ፣ የኤሌክትሪክ መስመር ገና ባልደረሰባቸው የሶቪየት ኅብረት መንደሮች አንድ እንግዳ የሆነ የላምባ ፋኖስ ይታይ ነበር። ፋኖሱ እንደማንኛውም ፋኖስ ያበራል። ነገር ግን ከብርጭቆው በላይ፣ ሙቀቱ ወደ ላይ በሚወጣበት በኩል፣ ዙሪያውን ክንፍ መሰል ቀጫጭን ብረቶች የተሰኩበት ቱቦ ተደርቦበታል። ከቱቦው የሚወጡት ሽቦዎች በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ራዲዮ ጋር ይያያዛሉ። ፋኖሱ ሲበራ ራዲዮው ይናገራል፤ ፋኖሱ ሲጠፋ ራዲዮውም ዝም ይላል። የሚሽከረከር ነገር የለበትም፤ የሚሞላ ባትሪም የለበትም። በሞቀው የውስጥ ግድግዳና ክንፎቹ በሚያቀዘቅዙት የውጪ ግድግዳ መካከል የተደረደሩ ትንንሽ ቁራጮች የሙቀቱን ልዩነት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጡታል።

ቁራጮቹ ሴሚኮንዳክተር ወይም ከፊል አስተላላፊ ከሚባሉት ውሑዶች የተሠሩ ነበሩ። ከእነርሱ የሚፈለገው ጠባይ ግን እርስ በርሱ የሚቃረን ይመስላል። ኤሌክትሪክን በደንብ ማሳለፍ አለባቸው፤ ሙቀትን ግን ማሳለፍ የለባቸውም። ሙቀቱ ከሞቃቱ ወገን ወደ ቀዝቃዛው እንደ ልቡ የሚያልፍ ከሆነ የሙቀቱ ልዩነት ይጠፋል፤ ኤሌክትሪኩም አብሮት ይጠፋል። በመዳብም ሆነ በብረት ሁለቱ አስተላላፊነቶች የማይለያዩ መንትዮች መሆናቸውን ማንኛውም መሐንዲስ ያውቀዋል። መንትዮቹን የሚለያይ መንገድ በመፈለግ የመጨረሻዎቹን የሕይወቱን ዓመታት ያሳለፈው ሰው አብራም ፌዶሮቪች ዮፌ ነው። መንገዱንም ያገኘው ብዙዎች እንደ ነውር በሚቈጥሩት ነገር፣ ማለትም በክሪስታል ጉድለት ውስጥ ነበር።

ዮፌ የተወለደው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በኦክቶበር 29 ቀን 1880 ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የትውልድ ከተማው ሮምኒ ያን ጊዜ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ውስጥ ነበረች፤ ዛሬ የምትገኘው በዩክሬን ነው። ወላጆቹ ከአይሁድ ነጋዴ ወገን ናቸው። በከተማይቱ የተማረበት ትምህርት ቤት በላቲንና በግሪክ ፈንታ ሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ የሚበዛበት ነበር። በዚያው ትምህርት ቤት ጓደኛው ከነበሩት አንዱ በኋላ የቁሳቁስ ጥንካሬ መጻሕፍቱ የዓለም መሐንዲሶች ሁሉ መማሪያ የሆኑት ስቴፓን ቲሞሼንኮ ነው። አንዱ የብረትና የድንጋይን ጥንካሬ ከውጪ ሊያሰላ፣ ሌላው ያንኑ ጥንካሬ ከውስጥ ሊመረምር ሁለት ልጆች ከአንዲት ትንሽ የገጠር ከተማ መውጣታቸው የሚያስገርም ነው።

እንዲህ ካለ ትምህርት ቤት የወጣ ተማሪ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ መግባት ስለማይችል፣ ዮፌ የሄደው ወደ ሴንት ፒተርስበርግ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። በ1902 በኢንጂነርነት ተመረቀ። ፊዚክስን በሚገባ ለመማር ግን ዝነኛ ቤተ ሙከራ ያስፈልገው ነበርና ወደ ሙኒክ ተጓዘ፤ የመጀመሪያው የፊዚክስ የኖቤል ሽልማት በ1901 ለተሰጠው ለቪልሄልም ሮንትገን ረዳት ሆነ። ሮንትገን ችኰላን የማይወድ፣ ልኬትን ደጋግሞ የሚያስለካ ሰው ነበር። ዮፌም የሥራ ልማዱን የቀዳው ከእርሱ ነው።

በ1905 የዶክትርና ማዕረግ ያገኘበት ጥናት የኳርትዝ ክሪስታልን የሚመለከት ነው። ኳርትዝ ሲታጠፍና ሲለቀቅ ወዲያውኑ ወደ ቀድሞ ቅርጹ የማይመለስበት አንዳች ዝግታ እንዳለው ይነገር ነበር። ዮፌ ጉዳዩን ሲመረምር ዝግታው በክሪስታሉ ውስጥ ከሚፈጠረው የኤሌክትሪክ ሙል የሚመጣ እንጂ የመለጠጥ ጠባዩ ጉድለት አለመሆኑን አሳየ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተከታተለው ጥያቄ ከዚሁ የተወለደ ነው። አንድ ክሪስታል ኤሌክትሪክን አሳለፈ ሲባል፣ ያሳለፈው ክሪስታሉ ራሱ ነው ወይስ በውስጡ የተደበቀ ባዕድ ነገር? ዮፌ ክሪስታሎችን እያጠራ፣ በኤክስ ሬይ እየመታ፣ እያሞቀና እያቀዘቀዘ ሲለካ፣ የክሪስታሉ ጠባይ ተብሎ በየመዝገቡ ከተጻፈው ቍጥር ብዙው በእርግጥ የቆሻሻው ጠባይ ሆኖ ተገኘ። ለዐይን የማይታይ፣ በኬሚስቱ ሚዛን የማይያዝ ጥቂት ባዕድ ነገር የአንድን ቁስ አስተላላፊነት ብዙ ጊዜ እጥፍ ያሳድገዋል።

ሮንትገን በሙኒክ እንዲቀር ቢፈልግም ዮፌ በ1906 ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተመለሰ፤ በከተማው የፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሥራ ጀመረ፤ በ1913 ፕሮፌሰር ሆነ። በዚሁ ጊዜ በብርሃን የተመቱ ጥቃቅን የብረት ብናኞችን በኤሌክትሪክ መስክ አንሳፎ በመያዝ የኤሌክትሮንን ሙል ለክቷል። አሜሪካዊው ሚሊካን በዘይት ጠብታ ተመሳሳዩን ሥራ ቀድሞ በማሳተሙ ዝናው ለሚሊካን ሆነ።

በ1918፣ አገሪቱ በእርስ በርስ ጦርነትና በረኀብ ላይ ሳለች፣ በፔትሮግራድ የተቋቋመው የኤክስ ሬይ ምርምር ኢንስቲትዩት የፊዚክስ ክፍል ለዮፌ ተሰጠ። ክፍሉ በ1921 ራሱን ችሎ የፊዚክስና የቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሆነ። ማገዶ እንኳ ባልነበረባት ከተማ ዮፌ ወጣቶችን ሰበሰበ፤ በ1921ም መሣሪያና መጻሕፍት ለመግዛት ወደ ምዕራብ አውሮፓ ከተላኩት ሳይንቲስቶች አንዱ ሆነ። ሴሚዮኖቭ፣ ካፒትሳ፣ ፍሬንኬል፣ ቈይቶም ኩርቻቶቭና አሌክሳንድሮቭ በእርሱ ዙሪያ ያደጉ ናቸው። ከነዚህ ሴሚዮኖቭ በ1956፣ ካፒትሳ በ1978 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የክሪስታል ጉድለት ጥያቄ በኢንስቲትዩቱ ውስጥ ሁለት ዐቢይ ፍሬዎች አፈራ። የመጀመሪያው የሜካኒክስ ነው። የማዕድን ጨው ክሪስታል በአቶሞቹ መካከል ካለው የመሳሳብ ኀይል ተሰልቶ ሊኖረው ከሚገባው ጥንካሬ እጅግ ባነሰ ጕተታ ይበጠሳል። በ1920ዎቹ አጋማሽ ዮፌና ባልደረቦቹ ያንኑ ክሪስታል ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ጎተቱት። ውሃው የጨውን ቆዳ እያሟሟ በላዩ ላይ ያሉትን ስንጥቆች ስለሚያጠፋ፣ ክሪስታሉ በአየር ከሚችለው በብዙ እጥፍ የበለጠ ጕተታ ቻለ። ለድክመቱ ተጠያቂው ጨውነቱ ሳይሆን ስንጥቁ ነበር። ሁለተኛው ፍሬ የያኮቭ ፍሬንኬል ነው። ፍሬንኬል በ1926 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በማንኛውም ሞቃት ክሪስታል ውስጥ አንዳንድ አቶሞች በሙቀቱ ንውጽውጽታ ቦታቸውን ለቀው በሌሎች አቶሞች መካከል እንደሚሰነቀሩ፣ ከኋላቸውም ባዶ ቦታ እንደሚተዉ አስረዳ። በዚህ መሠረት ፍጹም ክሪስታል የሚባል ነገር በሐሳብ ካልሆነ በቀር የለም። ጉድለት ከሙቀት ጋር አብሮ የሚኖር፣ ሊቈጠርና ሊሰላ የሚችል የተፈጥሮ ነገር ነው። ፎኖን የሚለውም ቃል፣ ማለትም የአቶሞች ንዝረት ሞገድ እንደ አንዲት ቅንጣት ሲታሰብ የሚጠራበት ስም፣ በ1932 በፍሬንኬል መጽሐፍ ለሕትመት በቃ። ቃሉ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሶ ይመጣል።

በዮፌ ሕይወት ውስጥ ሳይሸፋፈን መነገር ያለበት አንድ ስሕተት አለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ መከላከያ ቁሶች በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚበሱበትን ምክንያት ሲያጠና፣ የቁሱ ውፍረት እየቀነሰ ሲሄድ የመቋቋም ችሎታው በእጅጉ እንደሚጨምር የሚያሳዩ ልኬቶች አገኘ። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ የኬብል ሽፋን እንደ ወረቀት ይሳሳል፤ ኤሌክትሪክም ከሥሥ ሽፋኖች በተሠሩ ማጠራቀሚያዎች በብዛት ይከማቻል። ተስፋው በአገሩ ብቻ ሳይሆን በውጪም ተነገረ። ከኪየቭ በ1930 ወደ ኢንስቲትዩቱ የመጣው ወጣቱ አናቶሊ አሌክሳንድሮቭ ልኬቶቹን በጥንቃቄ ሲደግማቸው ግን ጭማሪው አልተገኘም። ስሕተቱ የልኬቱ ነበር። አዲስ የመጣ ሠራተኛ የዳይሬክተሩን ዝነኛ ሥራ ሲያፈርስ ምን ሊደርስበት እንደሚችል በብዙ መሥሪያ ቤት የኖረ ሰው ይገምታል። ዮፌ ግን ስሕተቱን በይፋ ተቀበለ፤ አሌክሳንድሮቭም በኢንስቲትዩቱ አደገ፤ ውሎ አድሮም የሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቃ። በ1936 በአካዳሚው ስብሰባ ላይ ዮፌና ኢንስቲትዩቱ ብርቱ ነቀፋ ሲወርድባቸው ይህ ጉዳይ ከተነሡት አንዱ ነበር። አንዳንዱ ነቀፋ ፍትሐዊ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዮፌ ተስፋን ከማስረጃ ቀድሞ የመናገር ጠባይ ነበረበትና። ይኸው ጠባይ በስተርጅናውም ተመልሶበታል።

ከዚያ በኋላ ነው ሙሉ በሙሉ ወደ ከፊል አስተላላፊዎች የዞረው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ እነዚህ ቁሶች በብዙ ፊዚክሰኞች ዘንድ የተናቁ ነበሩ። ልኬታቸው ከናሙና ወደ ናሙና ስለሚለዋወጥ የቆሻሻ ፊዚክስ ናቸው ይባል ነበር። ወጣትነቱን በሙሉ ከቆሻሻ ጋር ሲታገል ለኖረው ለዮፌ ግን ይኸው መለዋወጥ የሚያስፈራ አልነበረም። ከሺህ አቶሞች አንዱን በባዕድ አቶም መለወጥ የቁሱን ጠባይ የሚገለብጠው ከሆነ፣ ባዕዱን አቶም በፈቃድና በልክ የሚጨምር ሰው የፈለገውን ቁስ ሊሠራ ይችላል። ዶፒንግ የሚባለው የዛሬው ኢንዱስትሪ መሠረት ይህ ነው። በውሑዶች ደግሞ ከውጪ የመጣ ባዕድ እንኳ አያስፈልግም። እርሳስና ቴሉሪየም እኩል በእኩል በሚዋሐዱበት ክሪስታል ውስጥ እርሳሱ ጥቂት ከበለጠ ኤሌክትሮኖች ይበዛሉ፤ ቴሉሪየሙ ከበለጠ ደግሞ የኤሌክትሮን ጉድለት፣ ማለትም እንደ አዎንታዊ ሙል የሚመላለስ ቀዳዳ ይበዛል። የአቶሞቹ ቍጥር መጓደል ራሱ ዶፒንግ ይሆናል።

ጦርነቱ በ1941 ሲጀመር ከኢንስቲትዩቱ አብዛኛው ክፍል ወደ ካዛን ተዛወረ። የአቶም ቦምብ ምርምር እንዲመራ ሐሳብ ሲቀርብ ዮፌ ዕድሜውን ምክንያት አድርጎ በራሱ ፈንታ ወጣቱን ኢጎር ኩርቻቶቭን አሳሰበ። በእርሱ መሪነት ከተሠሩት የጦርነት ዘመን መሣሪያዎች አንዱ ከጠላት መስመር በስተኋላ ለሚዋጉ ሽምቅ ተዋጊዎች የታሰበ ድስት ነበር። ድስቱ በውሃ ተሞልቶ እሳት ላይ ይጣዳል፤ ከታች እሳት፣ ከላይ ከፈላው ነጥብ በላይ የማይሞቅ ውሃ፤ በሁለቱ መካከል በድስቱ ቂጥ የተደረደሩ የአንቲሞኒና የዚንክ ውሑድ ቁራጮች። የሚወጣው ጥቂት ኤሌክትሪክ የመገናኛ ራዲዮ ያንቀሳቅሳል። ከላይ የተጠቀሰው ፋኖስ የዚህ ድስት ልጅ ነው።

በ1950 መጨረሻ ግን ዮፌ ከመሠረተው ኢንስቲትዩት ዳይሬክተርነት ተባረረ። ያን ጊዜ ሥር የለሽ የዓለም ዜጎች በተባሉ ሰዎች ላይ፣ በተግባር በአብዛኛው በአይሁድ ተወላጆች ላይ የተነሣው ዘመቻ በየሳይንስ ተቋሙ እየተዛመተ ነበር። ዮፌ የሰባ ዓመት ሰው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል የመራውን ቤት ትቶ በ1952 በከፊል አስተላላፊዎች ላይ ብቻ የሚሠራ አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ላቦራቶሪው በ1954 ራሱን የቻለ የከፊል አስተላላፊዎች ኢንስቲትዩት ሆነ። ለሙቀት ማስተላለፍ ጥያቄ መልስ የተገኘው በዚህ በስደት መሰል ዘመን ነው።

ጥያቄውን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል። በጠጣር አካል ውስጥ ሙቀት በሁለት ተሸካሚዎች ይጓዛል። አንደኛው ኤሌክትሮን ነው፤ ሁለተኛው ፎኖን፣ ማለትም ከአቶም ወደ አቶም የሚተላለፈው የንዝረት ሞገድ ነው። በብረታ ብረት ዘንድ ሙቀቱን በአብዛኛው የሚሸከሙት ኤሌክትሮኖች ናቸው። ኤሌክትሪኩንም የሚሸከሙት እነርሱው ስለሆኑ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ይህን ሕግ ቪደማንና ፍራንትስ በ1853 አውቀውታል። በከፊል አስተላላፊ ውስጥ ግን ኤሌክትሮኖቹ ጥቂቶች በመሆናቸው የሙቀቱ ትልቁ ድርሻ በፎኖን ይጓዛል። መንትዮቹ የሚለያዩበት በር የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። ኤሌክትሪኩን አንዱ፣ ሙቀቱን ሌላው የሚሸከም ከሆነ፣ አንደኛውን ሳይነኩ ሁለተኛውን ማደናቀፍ ይቻላል።

ሆኖም የዶፒንግ መጠን እንደ ልብ የሚጨመር አይደለም። ባዕድ አቶሙ ሲበዛ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ያድጋል፤ ነገር ግን በሙቀት ልዩነት የሚገኘው ቮልቴጅ ይቀንሳል፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚሸከሙት ሙቀትም አብሮ ይጨምራል። ዮፌ የእነዚህን ነገሮች ሚዛን በአንድ ቍጥር ጠቅልሎ አሰላ። ይኸውም የቮልቴጁ መጠን ካሬ በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ተባዝቶ ለጠቅላላው ሙቀት አስተላላፊነት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ቍጥሩ በፍጹም ሙቀት ሲባዛ አንድ ላይ ከደረሰ ቁሱ ጥሩ ነው ይባላል። የተሻለው ሚዛን የሚገኘው በአንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር ውስጥ የኤሌክትሮኖቹ ወይም የቀዳዳዎቹ ቍጥር አንድ ብሎ ዐሥራ ዘጠኝ ዜሮ ሲጻፍ የሚገኘውን የሚያክል ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን ነው። ይህም ከብዙ ሺህ ወይም ከብዙ መቶ አቶሞች አንዱን መለወጥ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ጥቂት ባዕድ አቶም ኤሌክትሪኩን ያስተካክላል እንጂ በክፍሉ ሙቀት ፎኖኖችን እምብዛም አያደናቅፍም። ፎኖኖችን የሚያስቆም ሌላ ጉድለት ያስፈልጋል።

መልሱ በሞገዶቹ ርዝመት ልዩነት ውስጥ ነበር። በተለመደው የክፍል ሙቀት ሙቀቱን የሚሸከሙት የብዙዎቹ ፎኖኖች የሞገድ ርዝመት በሁለት አቶሞች መካከል ካለው ርቀት ጋር የተቀራረበ ነው። የኤሌክትሮኑ ሞገድ ግን ከዚያ በብዙ እጥፍ ይረዝማል። ሰፊ ጎማ ያለው ከባድ መኪና በትንንሽ ጠጠር ላይ ሳይሰማው ያልፋል፤ ጠጠሯን የምታህል ብይ ግን እዚያው ትንገዋለላለች። ስለዚህ ክሪስታሉን በረዥሙ ሲያዩት ሥርዓቱን የጠበቀ፣ ከአቶም ወደ አቶም ሲያዩት ግን ክብደቱ የተዘበራረቀ ማድረግ ቢቻል ፎኖኑ ይበተናል፤ ኤሌክትሮኑ ግን መንገዱን አይስትም።

ዮፌና ባልደረቦቹ በ1956 ያሳተሙት ሥራ ይህን በተግባር አሳየ። ዘዴው አንድ ዐይነት የክሪስታል ቅርጽ ያላቸውን ሁለት ውሑዶች እንደ ቅይጥ ማዋሐድ ነው። በእርሳስ ቴሉራይድ ውስጥ ከቴሉሪየም አቶሞች ከፊሉ በሴሌኒየም ይተካሉ፤ በቢስሙት ቴሉራይድ ውስጥ ከቢስሙቱ ከፊሉ በአንቲሞኒ ይተካል። ተተኪው አቶም ከተተኪው ጋር አንድ ዐይነት የኬሚካል ቤተሰብ ስለሆነ ኤሌክትሮን አይጨምርም፣ አይቀንስም። ክብደቱና ግዝፈቱ ግን ይለያያል፤ ፎኖኑም በእርሱ ላይ ይሰናከላል። ስለዚህ ሁለት ዐይነት ጉድለት በአንድ ክሪስታል ውስጥ ሥራ ተከፋፈሉ። በሺህ አንድ የሚቈጠረው ዶፒንግ የኤሌክትሪኩን ነገር ይወስናል፤ በመቶ ሃያና ሠላሳ የሚቈጠረው ቅይጥ ደግሞ የሙቀቱን መንገድ ይዘጋል።

በዚህ ሥራ ውስጥ የባለቤቱ የአና ቫሲሊዬቭና ዮፌ ድርሻ መጠቀስ አለበት። እርሷም ፊዚክሰኛ ነበረች፤ የሙቀት አስተላላፊነትን በተመለከተ የታተሙ ብዙ ልኬቶች የሁለቱንም ስም የያዙ ናቸው። ሙቀት አስተላላፊነትን በትክክል መለካት ከኤሌክትሪኩ እጅግ ይከብዳል፤ ሽቦ ኤሌክትሪክን ከመንገዱ ያስቀራል፣ ሙቀት ግን በአየሩም፣ በመያዣውም፣ በጨረርም ያመልጣል።

የውጤቱን ስፋት ለማሳየት ከዮፌ ቁሶች ይልቅ ለመሐንዲሱ የተለመደው ሲሊከን ይሻላል። ንጹሕ ሲሊከን በክፍል ሙቀት በሜትርና በኬልቪን 150 ዋት ያህል ሙቀት ያስተላልፋል፤ ጀርማኒየም 60 ያህል። ሁለቱ ሲቀላቀሉ በመካከል ያለ ቍጥር ይጠበቅ ይሆናል፤ ቅይጡ ግን ከ10 በታች ይወርዳል። ሁለት ጥሩ አስተላላፊዎች ተዋሕደው አንድ መጥፎ አስተላላፊ ይወልዳሉ። በ1977 ወደ ህዋ የተላኩት ሁለቱ ቮዬጀር መንኰራኵሮች ኤሌክትሪካቸውን የሚያገኙት ከዚሁ ቅይጥ ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይም ሠርተውበታል።

እዚህ ላይ የዮፌ የቆየ ጠባይ ተመልሶ መጣ። ከ1956ቱ ውጤት በኋላ፣ በውስጣቸው የሚንቀሳቀስ ነገር የሌላቸው ማቀዝቀዣዎች የቤቱን ፍሪጅ እንደሚተኩ፣ የሙቀት ኤሌክትሪክም በሰፊው ሥራ ላይ እንደሚውል ትልቅ ተስፋ ሰጠ። በአሜሪካም ብዙ ላቦራቶሪዎች በዚሁ ተስፋ ተነሡ። ቍጥሩ ግን አንድ አካባቢ ደርሶ ለአርባ ዓመት ያህል እዚያው ቆመ። የቤቱን የኮምፕሬሰር ፍሪጅ ለመወዳደር ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልግ ነበር። ምክንያቱ ዛሬ በሚገባ ይታወቃል። አንድ ባዕድ አቶም ሞገድን የሚበትንበት ኀይል ከሞገዱ ድግግሞሽ አራተኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ሰማዩን ሰማያዊ የሚያደርገው ሕግ ይኸው ነው። አጫጭሮቹ ፎኖኖች ሲበተኑ ረጃጅሞቹ ምንም ሳይነካቸው ሙቀቱን ይዘው ያልፋሉ። እነርሱን ለማስቆም ከአቶም የሚበልጡ ጉድለቶች፣ ማለትም እጅግ ደቃቅ የሆኑ የክሪስታል ቅንጣቶች ድንበር አስፈለገ። በዚህ መንገድ በ2008 ከቢስሙትና አንቲሞኒ ቴሉራይድ የተሠራ ቁስ 1.4 ያህል ደረሰ። የዮፌ ቅይጥ በዚያም ውስጥ አለ፤ ብቻውን ግን አልበቃም። ትንንሾቹ የቢስሙት ቴሉራይድ ማቀዝቀዣዎች ግን የሌዘርና የመለኪያ መሣሪያዎችን ሙቀት በመቆጣጠር ቦታቸውን ይዘዋል።

ለዮፌ ወዳጅ የሆነው ጉድለት ለሌላው መሐንዲስ ጠላት ነው። ትራንዚስተርና ሌዘር የሚሠራ ሰው ሙቀቱ ፈጥኖ እንዲወጣለት ይፈልጋል፤ ያው ቅይጥ ግን ይይዝበታል። ጋሊየም አርሴናይድ በሜትርና በኬልቪን 45 ዋት ያህል ሲያስተላልፍ፣ ከጋሊየሙ ግማሹ በአሉሚኒየም ሲተካ ቍጥሩ ወደ 11 አካባቢ ይወርዳል። የዮፌ የቀድሞ ኢንስቲትዩት ሠራተኛ ዦሬስ አልፌሮቭና ባልደረቦቹ በ1970 በክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ የሚሠራ የከፊል አስተላላፊ ሌዘር ሲሠሩ፣ ብርሃን የሚያመነጨውን ንብርብር ያቀፉት ከዚሁ ቅይጥ በተሠሩ ንብርብሮች ነበር። ስለዚህ የሙቀቱ መውጫ ጥያቄ ከመጀመሪያው አንሥቶ አብሯቸው ነበር። አልፌሮቭ በ2000 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ዮፌ በ1955 የሶሻሊስት ሥራ ጀግና ተብሎ ተሸለመ፤ በ1956 የከፊል አስተላላፊ ቴርሞኤለመንቶችን የሚመለከተው መጽሐፉ ታተመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝኛ ወጥቶ የዘርፉ መማሪያ ሆነ። በኦክቶበር 14 ቀን 1960፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ በአዲሱ ኢንስቲትዩቱ በሥራ ክፍሉ ውስጥ እንዳለ ዐረፈ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከአሥር ዓመት በፊት የተባረረበት የፊዚክስና የቴክኒክ ኢንስቲትዩት በስሙ ተሰየመ። የሌኒን ሽልማት በ1961 ከሞተ በኋላ ተሰጠው። በስተርጅናው ያቋቋመው የከፊል አስተላላፊዎች ኢንስቲትዩት ደግሞ በ1972 ከቀድሞው ቤት ጋር ተቀላቅሎ አንድ ሆነ።